ቡናው ይታደስ፣ ጣትም አይጉደል
በባትሪ የሚሠራ የመግረዣ መቀስ አጠቃቀምና አያያዝ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ስኬት መናገር የተለመደ ነው። የተገዛው የጭነት መኪና፣ የተሠራው መጋዘን፣ ለአባላት የተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ይነሣል። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ግን የሚያተኩረው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው በባትሪ የሚሠራው የመግረዣ መቀስ ነው። ትንሽ ቢሆንም የአርሶ አደሩን ድካም በእጅጉ ያቀላል፤ በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ በአንድ ቅጽበት የአርሶ አደሩን ጣት ሊወስድ ይችላል።

መቀሱ ለምን አስፈለገ?

ያረጀ ቡና ምርቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። መፍትሔውም የታወቀ ነው። ለቀማው ካለቀ በኋላና የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት አግድም ሳይሆን ሰያፍ ተደርጎ ይጎነደላል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ ጠንካሮቹ 2 ወይም 3 ብቻ ተመርጠው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይወገዳሉ። የተጎነደለው ቡና ወደ ምርት እስኪመለስ ጊዜ ስለሚወስድ ገበሬው ቤቱ እንዳይራቆት ማሳውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ በከፊል እያደሰ ይሄዳል።

ሥራው የሚበዛው ከጉንደላው በኋላ ነው። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 እግር ቡና ይይዛል። ከአንዱ ጉቶ 10 ቀንበጥ ብቻ ይወገዳል ቢባል እንኳ 25,000 ጊዜ መቁረጥ ማለት ነው። በእጅ መቀስ ይህን ያህል የቆረጠ ሰው ማታ እንጀራ መቁረስ እስኪያቅተው ድረስ የእጁ አንጓ ያብጣል። ይህ ችግር በሌላውም ዓለም ያለ ነው። በባትሪ ኃይል የሚሠራው መቀስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ አገር ለገበያ ሲቀርብ ዓላማው ክረምቱን ሙሉ ወይን ሲገርዙ የሚውሉ ሠራተኞችን እጅ ማሳረፍ ነበር።

መቀሱን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ገዝቶ ለመጠቀም ዋጋው ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በማኅበር ገዝቶ በተራ መጠቀም ግን ይቻላል። በተራ የሚሠራበት መሣሪያ ብዙ እጅ ይነካዋል። ብዙ እጅ የሚነካው መሣሪያ ደግሞ ሕግ ያስፈልገዋል።

መቀሱ አይሰማውም

በእጅ መቀስና በባትሪ መቀስ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይቻላል። የእጅ መቀስ የሚቆርጠውን ነገር ጥንካሬ እጅ ይሰማዋል፤ ሞተር ግን አይሰማውም። በእጅ መቀስ የሚሠራ ሰው ስለቱ ጣቱን ሲነካው ኃይሉን ይለቃል። የባትሪው መቀስ ግን ቃታው ከተሳበ ስለቱ በቅጽበት ይዘጋል። አነስተኛው ዓይነት 25 ሚሊ ሜትር፣ ትልልቁ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ይቆርጣል። አውራ ጣት የሚያህል እንጨት የሚቆርጥ ስለት ለአውራ ጣት አያዝንም።

ስለቱ ቆዳን ወይም ልዩ ጓንትን ሲነካ ወዲያው እንዲከፈት ተደርገው የተሠሩ መቀሶች አሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ማኅበራት ግዢ ሲፈጽሙ ይህን ልዩነት ጠይቀው ማወቅ ይገባቸዋል። ይህ መከላከያ ያለው መቀስም ቢሆን ጥንቃቄን አይተካም።

አንድ የጓንት ጫፍ

ከመሠረታዊ ማኅበራቱ በአንዱ የሆነውን ማንሣት ለዚህ ጉባኤ ይጠቅማል። ባለታሪኩ ስማቸው እንዳይጠራ ጠይቀዋል፤ ታሪኩ እንዲነገር ግን ራሳቸው ፈቅደዋል።

እኒህ አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ገጀራና መጋዝ ይዘው ያደጉ፣ በቡና አያያዛቸው ለመንደሩ ምሳሌ የሆኑ ገበሬ ናቸው። መቀሱን ከማኅበሩ ተረክበው ከአንድ ወጣት የገራዥ ቡድን አባል ጋር ጠዋት ሥራ ጀመሩ። እስከ ምሳ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ድካም መጣ። ቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ቀንበጡን በግራ እጃቸው ከሥሩ ጠጋ አድርገው ይዘው በቀኝ እጃቸው መቀሱን ሊያስገቡ ሲሉ፣ ባለቤታቸው ከአጥሩ በኩል «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» ብለው ተጣሩ። እሳቸውም ቀና አሉ፤ ቃታውም ተሳበ።

«ጋሼ፣ ጓንትዎ!» አለ ወጣቱ።

የጓንታቸው የመሐል ጣት ጫፍ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ጓንቱ ሰፊ ስለነበረ ጫፉ ባዶ ነበር። ጥፍራቸው ተሸረፈ፣ ጥቂት ደም ወጣ፤ ጣታቸው ግን ተረፈ። እኒህ አባት ጉቶው ላይ ቁጭ ብለው ጣቶቻቸውን ከአንድ እስከ አሥር ቆጠሩ። ከዚያም «ልጄ፣ ባትሪውን ንቀለው፤ ለዛሬ ይበቃል» አሉ።

ዋናው ቁም ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኒህ አባት ነገሩን በጓሮ ደብቀው ማስቀረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የጓንቱን ጫፍ በኪሳቸው ይዘው ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄዱና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «ይህ ጣቴ ቢሆን ኖሮ ቡናዬን በምን እለቅም ነበር?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያን ጊዜ ሌላ አባል ተነሥቶ የስለቱ ዳዶ መላላቱን ካወቀ ሳምንት እንዳለፈው፣ ክፈል እንዳይባል ፈርቶ ግን ዝም እንዳለ ተናገረ።

የአባትየው አደጋ ምክንያት ድካምና የእጅ አቀማመጥ እንጂ የላላው ዳዶ አልነበረም። ነገር ግን ሌላ አደጋ በዝምታ ተሸፍኖ ተራውን እየጠበቀ እንደነበር ሁሉም ተረዳ። ኮሚቴውም በዚያው ዕለት አንድ ውሳኔ አሳለፈ። በአግባቡ ሲሠራበት ለደረሰ ብልሽት በግልጽ ያስታወቀ ሰው አይከፍልም፤ ብልሽት ደብቆ የመለሰ ግን ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ መቀሱ ሲመለስ ጉድለቱ አብሮ ይነገራል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት

በመጀመሪያ፣ ያልሠለጠነ ሰው መቀሱን አይረከብም። የየሞዴሉ አሠራር ይለያያል። አንዱ ቃታው በተሳበ መጠን ስለቱን ቀስ እያደረገ ይዘጋል፤ ሌላው ቃታው አንዴ ከተነካ እስኪቆርጥ አይቆምም። የአንዱን የለመደ እጅ በሌላው ይሳሳታል።

ሁለተኛ፣ አለባበስ ይታያል። የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል፤ የተቆረጠ ቀንበጥ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋልና። ጓንት በልክ መሆን አለበት። የእኒያን አባት ጣት ያተረፈው የጓንቱ መስፋት መሆኑ ሰፊ ጓንት እንዲመረጥ ምክንያት አይሆንም። ሰፊ ጓንት ቃታ ላይ ይያዛል፣ ስለት ውስጥም ይገባል። ተራ የቆዳ ጓንት እሾህ ይከላከላል እንጂ የመቀሱን ስለት አያስቆምም። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘላዘለ እጅጌና ገመድ ከሥራ ቦታ ይርቃሉ።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ሳይገጠም ስለቱ ይታያል። የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ካለ፣ ዳዶው ከላላ፣ ገመዱ ከተላጠ ሥራ አይጀመርም። ከዚያ ባትሪው ተገጥሞ፣ አፉ ከሰው ዞሮ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶውን ይሞከራል። ቃታው ሲለቀቅ ስለቱ ወዲያው የማይከፈት ከሆነ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል።

በሥራ ላይ

የመጀመሪያው ሕግ የግራ እጅ ሕግ ነው። መቀሱን ያልያዘው እጅ ከስለቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት።  ቀንበጡን መያዝ የግድ ከሆነ ከጫፉ በኩል ይያዛል እንጂ ከሚቆረጥበት አጠገብ አይያዝም። እጅ በእጅ ላይ ተመሳቅሎ አይቆረጥም። አንዱ ቀንበጡን ይዞ ሌላው መቁረጥም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የያዘው ሰው እጅ የት እንዳለ ቆራጩ አያውቅምና።

ሁለተኛው ሕግ የቃታ ሕግ ነው። ለመቁረጥ ካልሆነ በስተቀር ጣት ቃታ ላይ አያርፍም። ከእግር ወደ እግር ሲታለፍ ጣት ከቃታው ይወጣል። ረዘም ያለ መንገድ ሲኬድ፣ አጥር ሲዘለል ወይም ከሰው ጋር ሲወራ መቀሱ ጠፍቶ ሰገባው ውስጥ ይገባል። ሰው ከጠራ በመጀመሪያ ቃታው ይለቀቃል፣ ከዚያ ቀና ይባላል። ቡናው ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

ሦስተኛው ሕግ የቦታ ሕግ ነው። እግር በደንብ በረገጠበት፣ ፊት ለፊት በሚታይ ቦታ ብቻ ይሠራል። መሰላል ላይ ወይም ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ አይሠራም። ልጆችና ከብቶች ከአካባቢው ይርቃሉ። በዝናብ ውስጥ አይሠራም።

አራተኛው ሕግ የልክ ሕግ ነው። መቀሱ ለቀንበጥና ለቅርንጫፍ ነው። ወፍራሙ ግንድ የመጋዝ ድርሻ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ እንጨት ሲሰጠው መቀሱ ነክሶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ እያወዛወዙ መታገል ስለቱን ይሰብራል። ቃታው ይለቀቃል፣ መቀሱ ይጠፋል፣ ባትሪው ይነቀላል፤ እንጨቱ የሚላቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሽቦና ሚስማር በመቀሱ አይቆረጥም።

አምስተኛው ሕግ የዕረፍት ሕግ ነው። መሣሪያው አይደክምም፤ ሰው ግን ይደክማል። ሁለት ሰዎች በየሰዓቱ ቢቀያየሩ ሥራው አይጓደልም። ሲመሽ፣ ሲርብና መጠጥ ሲቀመስ መቀሱ አይነካም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በቡና ማሳ ይህ አባባል የሚያሳጣው ከእህል በላይ ነው።

ከታመመ ቡና ወደ ጤነኛው

መቀሱ ሰውን ብቻ ሳይሆን ቡናውንም ሊጎዳ ይችላል። ቡናን ከነፍሬው የሚያደርቀው በሽታ በግንድ ላይ ባለ ቁስል ይገባል፤ ከታመመ እግር ወደ ጤነኛውም በስለት ይተላለፋል። በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ቡና አይገረዝም። ለልማት ሠራተኛ ተነግሮ፣ ተነቅሎ እዚያው ማሳው ውስጥ ይቃጠላል።

ገጀራና መጋዝን በእሳት ማለብለብ የቆየ ዘዴ ነው። የባትሪውን መቀስ ግን በእሳት መንካት አይቻልም። ባትሪው ተነቅሎ ስለቱ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በጨርቅ ይጠረጋል። በደንብ እስኪደርቅ ተጠብቆ ባትሪው ይመለሳል። ይህ ከማሳ ወደ ማሳ በተሻገረ ቁጥር የሚፈጸም ግዴታ ነው። የማኅበሩ መቀስ በአንድ ሳምንት የብዙ አባላትን ደጅ ስለሚረግጥ፣ አንድ ቸልተኛ የሁሉንም ማሳ ሊበክል ይችላል።

ጽዳት፣ ሞረድና ግራሶ

ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው ባትሪውን በመንቀል ነው። ባትሪው የተገጠመ መቀስ ቢጠፋም እንደ ጎረሰ ጠመንጃ ይቆጠራል።

በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ በስለቱ ላይ የተጋገረው የእንጨት ፈሳሽ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከዚያ ቀጭን ዘይት ይቀባል። መቀሱን ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ቧንቧ ሥር ማጠብ ሞተሩን ያበላሻል። ስለቱ ሲደንዝ በሞረድ ይሳላል። የሚሳለው ተንቀሳቃሹ ስለት ብቻ ነው፤ እሱም በፋብሪካ በተሰጠው ዝንባሌ፣ በአንድ ጎኑ በኩል ነው። ጠፍጣፋው ጎን ከተሞረደ በሁለቱ ስለቶች መካከል ክፍተት ይፈጠርና መቀሱ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። የታኘከ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ስለቱ የሚዞርበት ቦታ መመሪያው በሚያዘው ጊዜ ግራሶ ይቀባል። ዳዶው በየቀኑ ይታያል፤ ሲጠብቅም ስለቱ ያለ ክፍተት፣ ግን በነጻነት እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ነው።

የደነዘ ስለት ትንሽ ይጎዳል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የደነዘ ስለት መቀሱ እንዲንሸራተት፣ ሠራተኛው እንዲገፋ፣ ባትሪው ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋል።

ባትሪው

የመቀሱ ባትሪ ሊቲየም የሚባለው ዓይነት ነው። በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሲበላሽ ያ ኃይል እሳት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ፦

• በራሱ ቻርጀር ብቻ ይሞላል። ለሞባይል ወይም ለሌላ መሣሪያ የተሠራ ቻርጀር አይሰካበትም።
• የሣር ክዳን ባለው ቤት፣ በገለባ፣ በጆንያና በደረቅ ቡና አጠገብ አይሞላም። ተመራጩ ቦታ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው።
• ሰው በሌለበትና ሌሊት ተኝተው አይሞላም። መብራት ሲቆራረጥ ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ሞልቶ ሲያልቅም ተሰክቶ አይተውም።
• ከፀሐይ ላይ በቀጥታ የመጣና የጋለ ባትሪ በጥላ እስኪቀዘቅዝ ሳይጠበቅ አይሞላም።
• ከሳንቲም፣ ከሚስማርና ከሽቦ ጋር በአንድ ኪስ ወይም ቦርሳ አይቀመጥም።
• የገረዛው ወቅት ሲያልፍ ባትሪው ተነቅሎ፣ በግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጣል። በየሁለት ሦስት ወሩም ይታያል።
• ያበጠ፣ ከመጠን በላይ የሚግል፣ የሚሸት ወይም ወድቆ የተሰነጠቀ ባትሪ ከሥራ ይወጣል። አይከፈትም፣ አይበሳም፣ እሳት ውስጥም ሆነ ሽንት ቤት ጉድጓድ አይጣልም። ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥና ለዩኒየኑ ይመለሳል።

ባትሪ ጭስ ማውጣት ከጀመረ ሰው ከቦታው ይርቃል። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ አይተነፈስም።

ጉዳት ከደረሰ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ሆኖም ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም አደጋ ሊደርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ አጥብቆ መጫንና እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ሰዓት ሳይባክን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

በቡና አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ደም ሲፈስ የተፈጨ ቡና መነስነስ ነው። ይህ መቅረት አለበት። ዱቄቱ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ የሐኪሙንም ሥራ ያከብዳል። አመድና አፈርም እንደዚሁ ናቸው። ጣት ከተቆረጠ አይጣልም። በንጹሕ ውኃ ቀስ ተብሎ ታጥቦ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይታሰራል። ከረጢቱም በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ተደርጎ ከተጎዳው ሰው ጋር ይላካል። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ስለሚያስፈልግ ጤና ጣቢያ መሄድ አይቀርም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከመሠረታዊ ማኅበራት የሚጠበቀው አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊ ነው። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ምን ጉድለት ታየ የሚለው ይመዘገባል። መቀሱ ከነመነጽሩ፣ ከነሰገባውና ከነሞረዱ ይሰጣል፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መቀሱ አይወጣም።

ከዩኒየኑ የሚጠበቀው መቀሱን ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ ስለትና ባትሪ አብሮ መግዛት፣ የአጠቃቀም መመሪያውንም ገበሬው በሚያነበው ቋንቋና በሥዕል አስደግፎ ማቅረብ ነው። ከወረዳው የሚጠበቀው ሥልጠናው ከስርጭቱ እንዲቀድም ማድረግ ነው። የተሠራጨው የመቀስ ቁጥር በሪፖርት ላይ ቢያምርም፣ የሠለጠነው ሰው ቁጥር ከጎኑ ካልተጻፈ ሪፖርቱ ጎዶሎ ነው።

ከአባላት የሚጠበቀው ደግሞ እኒያ አባት ያደረጉት ነው። ስሕተትን ደብቆ ለሚቀጥለው ወንድም ከማስተላለፍ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ማሳየት ነው። ያ የጓንት ጫፍ ዛሬም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ መቀሱ ከሚቀመጥበት ሣጥን በላይ በሚስማር ተንጠልጥሎ ይገኛል። መቀሱን የሚረከብ ሁሉ ደብተሩ ላይ ከመፈረሙ በፊት ቀና ብሎ ያየዋል።

በመጪው የምሥረታ በዓል የታደሰው ማሳ በሄክታር ሲቆጠር፣ የአባላቱ ጣት ሙሉ ሆኖ እንዲገኝ ምኞት ነው።

መልካም በዓል!